ተኝቼ ሲለኩኝ ጤነኛ ነበርኩ

ይህን የምጽፈው ቆሞ ሳለ ልቡ ደረቱን ጥሶ ሊወጣ ለሚደርስ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ ግን «ልብህ ጤነኛ ነው፣ ምንም የለብህም» ተብሎ ለሚመለስ ሰው ነው። እኔ 8 ወር ሙሉ እንዲህ ተመላልሻለሁ። ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ጨርሻለሁ። ሥራዬን ላጣ ደርሻለሁ። ከሁሉም የከፋው ግን ራሴን መጠራጠሬ ነበር። ሕመሜ ፖትስ ይባላል፤ ሰው ሲቆም የልብ ምቱ ከልክ በላይ የሚፈጥንበት ነው። አንዲት ቀላል ነገር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብዙው ይቀርልኝ ነበር።

መጋቢት 2013 ዓ.ም. ኮቪድ ያዘኝ። ያን ያህል አልከበደኝም። ሦስት ሳምንት ቤት ተኝቼ ተነሳሁና ወደ ሥራ ተመለስኩ። የሂሳብ መምህርት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ 7ኛና 8ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው ማለት ይቻላል።

ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ቁጥሮቹ መደብዘዝ ጀመሩ። ልቤ ይሮጣል። ጆሮዬ ውስጥ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ ይሰማኛል። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ሁሉ ነገር ጨለመብኝ። «ቲቸር! ቲቸር!» የሚለው የልጆቹ ጩኸት ከሩቅ ይሰማኛል፤ መልስ ለመስጠት ግን አፌ አልታዘዘኝም። ወንበር ላይ ሲያስቀምጡኝ በደቂቃዎች ውስጥ ደህና ሆንኩ። «ቁርስ ስላልበላሽ ነው» አሉኝ። አመንኩ።

ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ሆነ። የታክሲ ሰልፍ ላይ 10 ደቂቃ መቆም አቃተኝ። ሙቅ ውሃ ከታጠብኩ በኋላ ግድግዳ ይዤ ነው የምወጣው። ምሳ ጠግቤ ከበላሁ ልቤ ለሰዓት ያህል አይረጋም። ቡና ሲፈላ አቦሉን ብቻ ቀምሼ እጄ ይንቀጠቀጣል። ማታ ጋደም ስል ግን ጤነኛ ነኝ። ይህ ልዩነት ትልቁ ፍንጭ ነበር። እኔ ግን ለማንም አልነገርኩም፣ ምክንያቱም ፍንጭ መሆኑን አላወቅኩም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ይኸው ነው። ሐኪም ዘንድ ስቀርብ «ልቤን ያመኛል፣ ያዞረኛል» እላለሁ። መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚተወኝ አልናገርም። አልጋ ላይ ያስተኙኛል፣ የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚስለውን ኢሲጂ ያነሱኛል፣ ንጹሕ ይሆናል። ቁጭ ብዬ ግፊቴን ይለኩኛል፣ 110 በ70 ይሆናል። የልብ አልትራሳውንድም ተነሳሁ፤ ልቤ ምንም አልነበረበትም። በ8 ወር ውስጥ አራት ቦታ ታይቻለሁ። ቆሜ የለካኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ «ጭንቀት ነው» ተባልኩ። በእርግጥ ተጨንቄ ነበር፤ በቆመ ቁጥር ልቡ እየሮጠበት የማይጨነቅ ማን አለ? አሚትሪፕቲሊን የሚባል መድኃኒት ታዘዘልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋ ተነስቼ ሦስት እርምጃ ሳልራመድ ወደቅኩ። ይህ መድኃኒት የልብ ምት ሊያፈጥን፣ ሲቆሙም የደም ግፊት ሊያወርድ እንደሚችል ያወቅኩት በኋላ ነው። ለሌላ ሕመም ይጠቅማል፤ ለእኔ ግን አልተስማማኝም። እኔም በራሴ ጊዜ አቋረጥኩት፣ ይህም ሌላ ስህተት ነበር። መድኃኒት ካልተስማማችሁ ላዘዘላችሁ ሐኪም ደውላችሁ ንገሩ እንጂ በገዛ እጃችሁ አትጣሉት።

እማዬ በበኩሏ «የሰው ዓይን ነው» ብላ ጸበል ይዛኝ ሄደች። ነሐሴ ነበር፣ የፍልሰታ ጾም። ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሬ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። እጄና እግሬ ለአፍታ ተንቀጠቀጡ አሉ። ከጎኔ የነበሩ ሰዎች «ጮኸባት፣ ያዘባት» ተባባሉ። እማዬ አለቀሰች። እኔም ለብዙ ሳምንት ውስጤ ሌላ ነገር አለ ብዬ ፈራሁ። ሰው ራሱን ሲስት አንጎሉ ለጥቂት ሰከንድ ደም ስለሚያጥረው አጭር መንቀጥቀጥ ሊኖር እንደሚችል የነገረኝ አልነበረም። ጸበልን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ስህተቱ ባዶ ሆዴን ያለ ውሃ ቆሜ መጠበቄ ነበር። እንዲህ የሚያደርጋችሁ ከሆነ ለአስተናጋጆቹ ንገሩና ተቀምጣችሁ ተራችሁን ጠብቁ። ስለ ጾሙም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የኔ አባት «ልጄ፣ ሕመምተኛ አይገደድም» ነበር ያሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ስህተት ከሁሉም የባሰ ነው። መቆም ስለፈራሁ ተኛሁ። አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀምር ፈቃድ ወስጄ ሁለት ወር አልጋ ላይ ከረምኩ። ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብዬ ውሃ ቀነስኩ። «ልብ ሕመምተኛ ጨው አይበላም» ሲባል ሰምቼ ጨውንም ተውኩ። ባሰብኝ። ያን ያህል ጊዜ የተኛ ሰው በሰውነቱ የሚዘዋወረው ደም መጠኑ ይቀንሳል፣ የእግሩ ጡንቻም ይሟሽሻል። ስለዚህ ሲነሳ ልቡ ከድሮው ይበልጥ ይሮጣል። ያንን የፈራ ደግሞ ተመልሶ ይተኛል። ጥር ሲደርስ ከአልጋ እስከ ሳሎን መሄድ ለእኔ እንደ እንጦጦ ዳገት ነበር።

የአክስቴ ልጅ ሲስተር ናት፤ ክፍለ ሀገር ነው የምትሠራው። ለጥምቀት መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ ስናገር ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ሁልጊዜ ስትቆሚ ነው?» አለችኝ። «አዎ።» «ስትተኚ ይተውሻል?» «አዎ።» ተነሳችና መሳቢያ ከፈተች። በኮቪድ ጊዜ የገዛናት፣ ጣት ላይ የምትደረግ የኦክስጅን መለኪያ እዚያ ነበረች። ኦክስጅኑን ብቻ ነበር የምናየው። ከጎኑ ያለችው ሌላዋ ቁጥር የልብ ምት መሆኗን ልብ ብለን አናውቅም።

10 ደቂቃ ዝም ብዬ እንድተኛ አደረገችኝ። 74። ከዚያ ተነስቼ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩ። እሷ ከጎኔ ሆና ብወድቅ ልትይዘኝ ተዘጋጅታለች። 1 ደቂቃ ላይ 108። 3 ደቂቃ ላይ 117። 5 ደቂቃ ላይ 121። 10 ደቂቃ ላይ 128። ግፊቴን በየመሀሉ ለካች፤ አልወረደም። እግሬን ሳይ ጣቶቼ ወይን ጠጅ መስለዋል። ቁጥሮቹን ከተማሪዎቼ ደብተር በአንዱ ጀርባ ላይ ጻፈችና «ይህን ይዘሽ ነው ሐኪም ዘንድ የምትሄጂው» አለችኝ። ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ 54 ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። አለቀስኩ። ደስታም ነበረበት።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሄድኩ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ደብተሩን ዘርግቼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እስኪ እኔም ልየው» ብለው ኢሲጂውን ተኝቼ አነሱኝ፤ ገመዶቹን ሳይነቅሉ ደግሞ ቆሜ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው በእስክሪብቶ አሳዩኝ። ተኝቼ በነበርኩበት በሁለት ረጃጅም ጫፎች መካከል 4 ትልልቅ ካሬ አለ። ቆሜ በተነሳው ከ2 ካሬ ትንሽ ነው የሚያልፈው። ቀጥለውም ከእያንዳንዱ ረጅም ጫፍ በፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ጠቆሙኝ። «ይህቺ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ናት፣ አየሽ? ትእዛዙ የሚነሳው ከትክክለኛው ቦታ ነው። መስመሩም ጤነኛ ነው። ልብሽ አልተበላሸም። አዛዡ ነው የሚያጣድፈው።»

ይህን አባባላቸውን በራሴ አማርኛ ላስረዳችሁ። በልባችን የላይኛው ቀኝ ክፍል ሳይነስ ኖድ የምትባል ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ አለች። ኤሌክትሪኩን የምታመነጨው እሷ ናት። ማንም ባይነካት በወጣት ሰው ላይ በደቂቃ ወደ 100 ትመታለች። አዲስ ልብ የተተከለላቸው ሰዎች ነርቩ ስለተቆረጠ ተቀምጠው እንኳ ከ90 እስከ 110 የሚመታባቸው ለዚህ ነው። ከአንጎል የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ እንደ ፍሬን ይዟት ነው በዕረፍት ጊዜ ከ60 እስከ 80 የምትሆነው። ሲምፓቴቲክ የሚባለው ሌላው ክፍል ደግሞ ነዳጅ ሰጪው ነው። ሁለቱም እኛ ሳናዛቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ላብን፣ የአንጀትን እንቅስቃሴና የደም ሥርን መጥበብም የሚመራው ይኸው ሥርዓት ነው።

ስንቆም ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር የሚሆን ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። አንገታችን ላይና ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ላይ ያሉ ጠባቂዎች ይህን ወዲያው ያውቃሉ፣ ለአንጎል ይነግራሉ። ፍሬኑ ትንሽ ይለቀቃል፣ የእግርና የሆድ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልብም ከ10 እስከ 20 ያህል ጨምሮ ነገሩ ያበቃል። ጤነኛ ሰው ይህ ሁሉ መሆኑን አያውቀውም። እኔ ዘንድ ግን የታችኛዎቹ ደም ሥሮች እንደሚገባ አይጠቡም። ስለዚህ ሲምፓቴቲኩ ልብን ያጣድፈዋል፤ የጎደለውን በሩጫ ሊሞላ ይሞክራል። ፖትስ ማለት ይህ ነው። አዋቂ ሰው በቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ ግፊቱ ሳይወርድ የልብ ምቱ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ምልክቱም 3 ወር ከቆየ፣ ሌላ ምክንያትም ካልተገኘ ፖትስ ይባላል። ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች መለኪያው 40 ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች በመውለድ ዕድሜ ያለን ሴቶች ነን። እንደ ኮቪድ ካለ ሕመም በኋላ መጀመሩም የተለመደ ነው።

«ሌላ ምክንያት ካልተገኘ» የሚለውን አትዝለሉት። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት፣ የሰውነት ውሃ ማጣት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህንኑ ያስመስላሉ። ሐኪሜ የደም ምርመራውን በሙሉ አሠርተው፣ ለ24 ሰዓት ልብን የሚከታተለውን ሆልተር አስለብሰውኝ ነው የወሰኑት። እባካችሁ በጣት መለኪያ ብቻ ራሳችሁን «ፖትስ ነኝ» አትበሉ። መለኪያዋ ጥያቄውን ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው የምትረዳችሁ። ደግሞ ስትሮጡ ወይም ዳገት ስትወጡ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ተኝታችሁም ከሳታችሁ፣ ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ ጨርሳችሁ አታንብቡ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ያ የልብ ኤሌክትሪክ የራሱ በሽታ ሊሆን ይችላል።

የዚያን ሰሞን ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ታሪክ ያዘኝ። በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦቶ ሎዊ የተባለ ሳይንቲስት የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ ወስዶ የአንዱን ቬገስ ነርቭ በኤሌክትሪክ ነካ። ልቡ ዝግ አለ። ከዚያ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ወደ ሁለተኛው ልብ ጨመረ። ነርቩ ያልተነካው ሁለተኛው ልብም ዝግ አለ። ነርቭ ለልብ የሚናገረው በኬሚካል መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ። ብዙ ሰው «በጭንቀትሽ ያመጣሽው ነው» ሲለኝ ከርሞ፣ ልቤ የሚሮጠው በእውነተኛ መልእክት መሆኑን በማንበቤ ብቻ እፎይ አልኩ።

ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል። የተጀመረው በውሃና በጨው ነው። በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ ሁለት ብርጭቆ ቶሎ ቶሎ እጠጣለሁ፤ ይህቺ ብቻ የማለዳውን ግማሽ ችግር ቀንሳልኛለች። ጨው ጨምሪ ተባልኩ፤ ቀን ላይ ኦአርኤስም በጥብጬ እጠጣለሁ። ይህን ምክር ግን ያለ ሐኪም አትውሰዱት። የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ላለበት ሰው ጨው መጨመር አደጋ ነው። ከእግር እስከ ወገብ የሚያጠብቅ ስቶኪንግም አደርጋለሁ። እስከ ጉልበት ብቻ የሚደርሰው ለእኔ ምንም አልፈየደም፣ ምክንያቱም ብዙው ደም የሚጠራቀመው ሆድና ጭን ላይ ነው። ፕሮፕራኖሎል በ10 ሚሊግራም ተጀመረልኝ። የልብን ምት የሚያዘገየው ይህ መድኃኒት አስም ላለበት ሰው ስለማይሆን ከጎረቤት ተውሳችሁ እንዳትሞክሩት።

እውነተኛውን ለውጥ ያመጣልኝ ግን ስፖርቱ ነው። ቆሜ ሳይሆን ተኝቼ ነው የጀመርኩት። ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፌ በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ማንሳት፣ ብስክሌት እንደሚነዳ ማሽከርከር፣ ወገቤን ከፍ ዝቅ ማድረግ። የመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ። በማግስቱ ከአልጋ መውረድ አቃተኝና ልተወው ነበር። ሐኪሜ ቀድመው «የመጀመሪያው ወር ያስጠላሻል፣ ታገሺው» ብለውኝ ነበር። በ6ኛው ሳምንት 20 ደቂቃ ደረስኩ። በ3ኛው ወር ቁጭ ብዬ፣ ከዚያ በዝግታ መራመድ። እናንተም ብትጀምሩ ደህና የሆናችሁ ቀን አትጨምሩ። እኔ አንድ ቅዳሜ «ድኛለሁ» ብዬ መርካቶ ስዞር ውዬ አራት ቀን ተኝቻለሁ።

በመቆም መሀል ሲመጣባችሁ የምታደርጉትን ልንገራችሁ። እግራችሁን አጣምራችሁ ጭናችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። ጡጫችሁን ጨብጡ። በእግር ጣቶቻችሁ ከፍ ዝቅ በሉ። የእግር ጡንቻ ደምን ወደ ላይ ይገፋል። ይህ ሁሉ ካልረዳ ሳታፍሩ ተቀመጡ። ኩራቴ ሁለት ጊዜ መሬት ጥሎኛል፤ አንዱ ጥርሴን ሰብሮታል። ምግብም አንድ ጊዜ ከምትጠግቡ ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ ብሉ፤ ሆድ ሲሞላ ደም ወደዚያ ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ከፍ ያለ ወንበር አስገብቼ ተቀምጬ አስተምራለሁ። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። ሁለቱን የኢሲጂ ወረቀት ሳሳያቸው ወንበሩን ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ።

ስኳር ላለባችሁ ደግሞ ለብቻ የምለው አለ፣ ምክንያቱም ከእኛ ቤት አጋጥሟል። አጎቴ ስኳር ከያዘው 20 ዓመት አልፎታል። የእኔን ታሪክ ከሰማ በኋላ መለኪያዋን ጣቱ ላይ አደረገልኝ። ተቀምጦ 104። ቆሞም 106። «እኔ እንዳንቺ አይጨምርብኝም» ብሎ ደስ አለው። እኔ ግን ደነገጥኩና ይዤው ወደ እኚሁ ሐኪም ሄድኩ። ኢሲጂው ላይ እያለ በቀስታ 5 ሰከንድ አየር እንዲያስገባ፣ 5 ሰከንድ እንዲያስወጣ አደረጉት። እኔ እንዲህ ስተነፍስ በጫፎቹ መካከል ያለው ርቀት ሳስገባ ይጠባል፣ ሳስወጣ ይሰፋል። ቬገስ ሕያው መሆኑ የሚታየው በዚህ ነው። የአጎቴ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር፤ ሁሉም እኩል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ወደ ልብ የሚሄዱትን ነርቮች ይጎዳል፣ መጀመሪያ የሚያጠቃውም ብዙ ጊዜ ረጅሙን ነርቭ፣ ቬገስን ነው። እንዲህ ያለ ሰው የልቡ ደም ሥር ድንገት ቢዘጋበት ሕመሙ ላይሰማው ይችላል። ያላበው፣ ያቅለሸለሸው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ብቻ ሊሆን ይችላል። አጎቴ አሁን ስኳሩን በጥብቅ ይከታተላል፣ መድኃኒቱም ተስተካክሎለታል፣ ከአልጋ ሲነሳም ጫፉ ላይ ጥቂት ተቀምጦ ነው። ስኳር ያለባችሁ፣ ተቀምጣችሁ የልብ ምታችሁ ሁልጊዜ ከ100 በላይ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ይህን አንሱት።

ለልኬቱ የምጠቀምበትን መንገድ ላካፍላችሁ። ጠዋት፣ ቡናም መድኃኒትም ሳይቀመስ። 10 ደቂቃ ተኝቶ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በቆሙ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ። ግፊት መለኪያ ካለ አብሮ። ሰው አጠገባችሁ ይኑር። ቢያዞራችሁ አቋርጣችሁ ተቀመጡ፣ የደረሳችሁበትን ጻፉ። ለሦስት ጠዋት ያህል ይበቃል። በየሰዓቱ አትለኩ፤ እኔ ለካሁና ቁጥሯን ማየቱ ራሱ ሌላ ጭንቀት ሆኖብኝ ነበር። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ ከሕመሙ ስም አትጀምሩ። «ስቆም ይጀምረኛል፣ ስተኛ ይተወኛል፣ ቁጥሩ ይኸው» በሉ።

ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም። ሲሞቅ፣ የወር አበባዬ ሲመጣ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ይመለሳል። ቅዳሴ ላይ እንደ ድሮው አልቆምም። ከግድግዳው ሥር ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ እቀመጥና ወንጌል ሲነበብ እነሳለሁ። ዛሬ ጠዋት ለካሁ፤ ተኝቼ 68፣ በ10ኛው ደቂቃ 91። ሐኪሜ ከሰኞ ጀምሬ መድኃኒቱን በግማሽ እንድቀንስ ነግረውኛል።